ጠጋ ጠጋ በሉ

የማታ ትርኢት የሚባለውን ነገር የፈጠረውን ሰው ባገኘው የምለው አለኝ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው፣ ወረፋ ሲገትረው የዋለን ቤተሰብ ወደ ማደሪያው እንዳይሄድ «ገና ዋናው አልመጣም!» ብሎ ማስቀረት ምን የሚሉት ደግነት ነው? ለነገሩ ደግነትም አይደለም። ሰው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ከቆየ እራቱን እዚያው ይበላል፤ እራት ከበላ ይጠማዋል፤ የውኃውን ዋጋ ደግሞ አታንሱብኝ። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

የማወራው ስለ አሜሪካ የመዝናኛ ፓርኮች ነው። ልጆቻችን እዚያ ስለሚኖሩ እኔና ባለቤቴ በስተርጅና የማናውቀው ዓለም ውስጥ ገብተናል። የሄድንበትን ፓርክ ስም አልጠራም፤ ጠበቃ የማቆምበት ገንዘብ የለኝም። አገሩ ማታም የማይበርድ ሙቀት አለው፤ ፓርኩ መሀል አደባባይ አለ፤ አደባባዩ ፊት ለፊት አንድ የተንቆጠቆጠ ሕንፃ ቆሟል። ይኼ ይበቃል።

በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። የባለቤቴን ዳቦ ቆሎ አንዲት ወጣት ጠባቂ በጓንት እጇ ከፌስታሉ አወጣችው። አንድ ፍሬ ለብቻው አንስታ ወደ መብራቱ አዞረችና አገላብጣ አየችው። ልጄ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት፤ ልጅቷም አሽትታ፣ ፈገግ ብላ መለሰችልን። ፍተሻውን አልነቅፍም፤ ጊዜው ክፉ ነው። ግን ዳቦ ቆሎ በፍሬ የሚመረምር መሥሪያ ቤት ሰው መቁጠር እንዴት ያቅተዋል?

«አባባ፣ ይቆጥራሉ እኮ፤ ቲኬቱ ሁሉ በኮምፒዩተር ነው» አለኝ አማቼ። አማቼ የአሜሪካን ነገር ሁሉ የሚከላከል ሰው ነው። በሩ ላይማ ይቆጥራሉ! ያልከፈለ ዝንብ አይገባም። የእኔ ነገር ከበሩ ወዲያ ያለው ነው። ቀን ቀን ያ ሁሉ ሕዝብ በየመጫወቻው፣ በየምግብ ቤቱ፣ በየጥላው ይበተናል፤ ፓርኩም ሰፊ ነው፣ ይችለዋል። ማታ ግን ይኸው ሕዝብ በአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ነገር፣ አንድ አደባባይ ላይ ይሰበሰባል። ለፓርኩ የሚበቃው ቁጥር ለአደባባዩ አይበቃም። በሩ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ስል ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። ርችት ድሮ ሰማይ ላይ ነበር፤ ከየትም ይታያል። አንዱ ከካፌ በር ላይ ያያል፣ ሌላው ከድልድይ ላይ፣ ሌላው ልጁን መጸዳጃ ቤት ወስዶ ሲመለስ። ማንም ከማንም የተሻለ ቦታ አልነበረውም። ኋላ ግን ፕሮጀክተር መጣ። ሕንፃው ራሱ ሲኒማ ሆነ፤ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ይሮጣል፣ ይዘፍናል፣ ያለቅሳል። ግድግዳ ደግሞ ፊት አለው። ከጎን የቆመ ግማሹን ያያል፤ ከኋላ የቆመ ጭስ ብቻ። ስለዚህ ቀድሞ በፓርኩ ዙሪያ ተበትኖ ወደ ላይ ያንጋጥጥ የነበረ ሕዝብ ዛሬ ሁሉም ፊት ለፊት ካልቆምኩ ይላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ስልኩ «ምርጡ ቦታ ይኼ ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ ለሁሉም የሚነግረው ያንኑ አንድ ቦታ ነው።

እኛም ወደዚያው ሄድን። ትርኢቱ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው አደባባዩ በአንሶላና በፎጣ ተይዟል። ሰዉ ተዘርግቶ ተቀምጧል፤ ይበላል፣ ልጅ ያስተኛል። በሚያበራ ዱላ የሚያመላክቱ ሠራተኞች «ወደ ፊት ጠጋ በሉ! ቦታ አለ! ጠጋ ጠጋ!» ይላሉ። የአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የተሳፈርኩ መሰለኝ፤ ልዩነቱ ወያላው እንኳ መጨረሻ ላይ በሩ አልዘጋ ሲለው ይተዋል። አደባባይ በር የለውም።

ከዚያ መብራቱ ጠፋ፤ ሙዚቃው ሲጀምር የተቀመጠው ሁሉ ብድግ አለ። ይህን ልብ በሉ፤ ዋናው ተንኮል እዚህ ላይ ነው። የተቀመጠ ሰው ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ሲነሳ ፊቱ ክፍተት ይፈጠራል። ከኋላ ያለው ሺህ ሰው ክፍተቱን ሲያይ አንድ እርምጃ ይራመዳል። አንድ እርምጃ ብቻ! ማንም አልገፋም፣ ማንም አልተሳደበም። እኔ በዚያች ቅጽበት ኮፍያዬን ላስተካክል ቀኝ እጄን አንስቼ ነበር። እጄ ወደ ታች መመለሻ አጣ። ትርኢቱ እስኪያልቅ እጄን እንደሰቀልኩ ቆየሁ። ከፊቴ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሰላም ያልኩት መስሎት ዘወር ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይጮኻል፤ ደዋይዋ ልጄ ናት፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆማ «የት ነህ?» ልትለኝ።

ያ ሁሉ ይሳቅበታል። የማይሳቅበት ሌላ ነው። የባለቤቴ ነጠላ ዘርፍ ከጎናችን በነበረ የሕፃን ጋሪ ጎማ ውስጥ ገባ። ጋሪው በሕዝቡ ተገፍቶ ትንሽ ሲንከባለል ነጠላው ተጠቀለለ፤ ባለቤቴንም አንገቷን ይዞ ወደ ታች ጎተታት። ጎንበስ ብዬ እንዳልፈታ ለማጎንበስ እንኳ ቦታ የለም። የጋሪው እናት ታለቅሳለች፤ ሕፃኑ ግን ተኝቷል። ሆዴ ላይ ደግሞ የማላውቀው የአምስት ዓመት ያህል ልጅ ፊቱ ተለጥፏል፤ ትንፋሹ በሸሚዜ በኩል ይሰማኛል። አዋቂ ሰው አፍንጫው ከሕዝቡ በላይ ነው። ልጅ የሚተነፍሰው በሰው ወገብ መካከል ነው። ነጠላውን አማቼ በጥርሱ በጥሶ ገላገለን፤ የአሜሪካ ጠበቃ ቢሆንም ጥርሱን አመሰግናለሁ።

ኋላ «ምን ይደረግ አባባ፣ ሕዝቡ ሥርዓት የለውም» አለኝ። ኧረ በእግዚአብሔር! ከዚያ የበለጠ ሥርዓት ያለው ሕዝብ የት አለ? ሁሉም «ይቅርታ»፣ «ሶሪ»፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ይባባላል። ይቅርታ እየተባባለ ሲጨፈለቅ በዓይኔ አየሁ። ሕዝብን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሕዝብ ጠበቃ አያቆምም።

ጆን ፍሩይን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የሰው ብዛት ምን እንደሚያመጣ ያጠና ነበር። በአንድ ካሬ ሜትር ሰባት ሰው ገደማ ሲደርስ ሕዝቡ የፈሳሽ ጠባይ ያመጣል ይላል። ጥግ ላይ አንዱ ሲንገዳገድ ማዕበሉ ሌላው ጥግ ይደርሳል፤ እግርህ ከመሬት ሊነሳ ይችላል። በዚያ ሰዓት ገፊ የሚባል የለም፤ ሁሉም ተገፊ ነው። የማታምኑ እቤታችሁ ወለል ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አስምሩና ቤተሰብ አቁሙበት። አራት ሲሆን ትስቃላችሁ፤ ስድስት ሲሆን የማን ክርን የማን እንደሆነ ይጠፋችኋል። ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሞተው ተረግጦ ይመስለናል። ብዙው ግን የሚሞተው ቆሞ ነው፤ ደረቱ ተጭኖ፣ ሳንባው የሚሰፋበት ቦታ አጥቶ።

ነገሩን ለማስፈራራት ያመጣሁት አይደለም፤ የሆነ ነው። በጃፓን አካሺ ከተማ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2001 የበጋ ርችት ነበር። ከባቡር ጣቢያው ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ አለ። ርችቱ ከድልድዩ ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ሰዉ እዚያው ቆመ። ሲያልቅ ወደ ጣቢያው የሚመለሰውና ገና ወደ ባሕሩ የሚወርደው ድልድዩ ላይ ተጋጠሙ። 11 ሰው ሞተ። ዘጠኙ ልጆች፣ ሁለቱ አሮጊቶች። ከልጅ ልጆቼና ከባለቤቴ ጋር ስቆም የማስበው ይህን ነው፤ የሚሞተው እንደኛ ያለው ነው።

ሻንጋይም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጨረሻ ሌሊት ሕዝቡ እንደለመደው የአዲስ ዓመት የብርሃን ትርኢት ሊያይ ወደ ወንዙ ዳር ጎረፈ። ትርኢቱ ግን በዚያ ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር፤ ብዙው ሰው አልሰማም። ከአደባባዩ ወደ ወንዙ መመልከቻ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ወጪና ወራጁ ተገናኘ፤ 36 ሰው አለቀ። ልብ በሉ፦ አካሺ ላይ መሄጃና መመለሻው አንድ ነበር፤ ሻንጋይ ላይም መውጫና መውረጃው አንድ ነበር። እኔ ባየሁት ፓርክም ትርኢቱ ሲያልቅ ግማሹ ሕዝብ ወደ መኪናው፣ ግማሹ ደግሞ መጫወቻው እስኪዘጋ አንዴ ልንዳ ብሎ ወደ ውስጥ፣ በዚያው በአንድ መንገድ ይተላለፋል። የመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅ ነው። ሱቆቹ ክፍት ናቸው፤ ለምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም።

ወደ አገራችን ልምጣ፤ ሕዝብ ብርቃችን አይደለም። ጥምቀትን ጃንሜዳ ያየ ሰው የፓርኩን አደባባይ ሰፈር ይለዋል። ሕዝቡ ግን ታቦቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ የሚታየው ነገር ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ «ምርጡ ቦታ» ብሎ ነገር የለም። አደጋ የመጣብን ሰው በአንድ ቦታ ተሰቅሎ እንዲያይ ባደረግንበት ጊዜ ነው፤ በጥር 2012 ዓ.ም. ጎንደር፣ ፋሲል መዋኛ፣ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተብን። ስለዚህ የፈረንጅ ብቻ በሽታ ነው አላልኩም።

ለምን ታማርራለህ ለሚሉኝ ደግሞ ይህን እነግራቸዋለሁ። በሴኡል፣ ኢቴዎን፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በጠባብ መንገድ 159 ሰው ለሞት ያበቃው መጨናነቅ የጀመረው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። የመጀመሪያው አማራሪ ለፖሊስ የደወለው ግን ምሽት 12 ሰዓት ከ34 ላይ ነበር። ከዚያ በኋላም ደጋግመው ደወሉ። በቂ ሰሚ አላገኙም። እንግዲህ ማማረር ክፉ ጠባይ ነው የሚለኝ ይምጣ!

እኔም በአቅሜ አንዱን ሠራተኛ ያዝኩና ልጄን አስተርጉሜ ጠየቅኩት፦ «ይህ አደባባይ ስንት ሰው ይይዛል?» ልጁ ጨዋ ነው፤ አዳመጠኝ። ከኪሱ «የመጀመሪያ ጉብኝቴ» የሚል ክብ ባጅ አወጣና ደረቴ ላይ ለጠፈልኝ። ከኋላው በገመድ የታጠረ ሰፊ ቦታ ነበር፤ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ኬክና ለስላሳ ይበላል፣ በየመሀሉ ባዶ ወንበር ይታያል። ለዚያ ለብቻው ይከፈላል አሉኝ። ቦታ የለም ያለኝ የለም፤ ቦታውስ አለ፣ ገመድ አለበት እንጂ።

ሰውን በጊዜ «ሞልቷል፣ በዚያ ዙሩ» ማለት ምን ያስቸግራል? እ.ኤ.አ. በ2013 ቶኪዮ፣ ሺቡያ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ለኳስ ደስታ የወጣውን ሕዝብ አንድ ፖሊስ በድምፅ ማጉያ እየቀለደ በሰላም አሻገረው፤ ሰዉም ወድዶት «ዲጄ ፖሊስ» አለው። እኛ ያገኘነው ድምፅ ማጉያ ግን ቀድሞ የተቀዳ ነው። ነጠላው በጎማ ውስጥ ሲገባ «ሕልማችሁ ዛሬ ማታ እውን ይሆናል» ይል ነበር።

አማቼ የዓመት ቲኬት ገዝቷል። ለሁላችንም። የልጅ ልጄ፣ አማርኛው ገና ወንድና ሴት ያልለየለት፣ «አባባ፣ ነይ፣ እንሄዳለን!» እያለ ይጎትተኛል። እኔ ቅድመ ሁኔታዬን አስታውቄያለሁ፦ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ መስኮት ከፍቼ እቀመጣለሁ። ያለፈው ጊዜ ስንወጣ አይቻለሁ፤ ከዚያ ሆኖ ርችቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፣ ክርን የለ፣ ጋሪ የለ፣ የሚያለቅስ ግድግዳ የለ።

ባለቤቴ ሰማችና «እኔም አብሬህ እቀመጣለሁ፤ ለመኪና ማቆሚያው የከፈልነው እኮ ቀላል አይደለም» አለች። ዳቦ ቆሎውንም እዚያ የሚፈትሽ የለም።