ሚሊዮኖች የወጡበት ሙዝ

የጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን «ኮሜዲያን» የተሰኘ የጥበብ ሥራ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ አንድ ሙዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ማያሚ ላይ 120 ሺህ ዶላር ተሸጠ፤ በ2024 ኒው ዮርክ ውስጥ በሶዘቢስ ጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የጨረታው ዕለት ሙዝ ግን ከመንገድ ዳር ፍራፍሬ ሻጭ በ35 ሳንቲም የተገዛ ነበር። ገዢው በቋሚነት የሚረከበው የማረጋገጫ ወረቀትና የአለጣጠፍ መመሪያ ነው (ፕላስተር ለመለጠፍም መመሪያ ያስፈልጋል!)፤ ሙዙማ ሲጠቁር በሌላ ይተካል። በ2023 ሥራው ለዕይታ በቀረበበት የሴኡል ሙዚየም ውስጥ አንድ ተማሪ ርቦኛል ብሎ ሙዙን በላና ልጣጩን መልሶ ለጠፈ። ሙዚየሙም ሳይጨነቅ ሌላ ሙዝ ሰቀለ። የክሪፕቶ ባለሀብቱ ጀስቲን ሰን ግን ሚሊዮኖቹን ከፍሎ ሲያበቃ፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ጋዜጠኞች ሰብስቦ ሙዙን በላው፤ ከሌሎች ሙዞች እጅግ እንደሚጥምም መሰከረ።