ኮዱ አርባ ምንጭ ገባ

ቅዳሜ ጂንካ ውስጥ ጉዳይ አለኝ የሚል ሰው ከገበያው ጋር መጋፋት አለበት። እኛም ተጋፍተን ሄድን፤ እኔና ጎረቤታችን እማማ። ማር ነጋዴ ናቸው። ከአንድ የቁጠባና ብድር ድርጅት ተበድረው ነበርና ቀሪ ዕዳቸውን የሚያሳይ ወረቀት ፈለጉ፤ ድርጅቱ ደግሞ ከአሁን በኋላ በድረ ገጽ ነው ብሏል። «ቡናው ሳይፈላ እንመለሳለን» አልኳቸው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ገጹን ከፈተችልን። የማረጋገጫ ኮድ ተልኳል አለ። እማማ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈተው አወጡ። ምንም የለም። ለካ መጀመሪያ ሲመዘገቡ ስልካቸው ተበላሽቶ ስለነበር የወንድማቸው ልጅ በራሱ ቁጥር አስመዝግቧቸዋል፤ ልጁ አሁን አርባ ምንጭ ነው። ደወልን። እሱ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ቁጥሩን ይጮኻል፣ እኛ ተቀብለን እንጮኻለን፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ አንዷን አሃዝ ስናርም የኮዱ ጊዜ አለፈ። ደጋገምን፣ ገጹ ተቆለፈ። ለማስከፈት «የቤተሰብ ስም» ጠየቀን፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ብዙ ብሔረሰቦች በሚኖሩበት አካባቢ። የአባታቸውን ስም ጻፍን፣ እምቢ። የአያታቸውን ጻፍን፣ እምቢ።

ልጅቷ አዝናልን አንድ ደብተር ከመሳቢያ አወጣች። ጠርዙ በእጅ ብዛት ወይቧል፤ ውስጡ በቀይ እስክሪብቶ ስም፣ ስልክ፣ ፓስወርድ፣ ገጽ በገጽ። ሰዎች እንዳይጠፋባቸው አምነው ያስቀመጡት ነው። የእማማ እዚያ አልነበረም፤ ደብተሩ ግን እስካሁን ያሳስበኛል። በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ግን መግቢያው ሲከብደው ሰው የሚሮጠው ወደዚያ ደብተር ነው።

«ለልጁኮ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» አሉ እማማ፤ «ቤቴን እንዲያከራይ እንጂ እንዳይሸጥ ብዬ።»

እውነታቸውን ነው። ልዩ ውክልና የማናውቀው ነገር አይደለም፤ ተወካዩ የሚችለው ተለይቶ ይጻፋል፣ ሲያስፈልግም ይሻራል። ገጹ ግን ወይ ፓስወርድህን እንዳለ አስረክብ ወይ ተቀመጥ ባይ ነው። ልጁ ዕዳውን እንዲያይ ብቻ፣ በስማቸው ብድር እንዳይጠይቅ አድርጎ መሥራት ይቻል ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔን ያንገበገበኝ የባለቤቷ መናቅ ነው።

ተነሥተን ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። ሊዘጉ ሲሉ ደረስን። ሠራተኛው ትሁት ነው፤ ግን ስልክ ቁጥር የሚቀየረው ገጹ ውስጥ ተገብቶ ነው አለን። ለመግባት ደግሞ ኮዱ፣ ኮዱ ደግሞ አርባ ምንጭ። እማማ የፋይዳ ካርዳቸውን መስኮቱ ላይ አኖሩ። አሻራቸውን፣ የዓይናቸውን ብሌንና ፊታቸውን ሰጥተው ያወጡት መታወቂያ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ። ሴትየዋ ራሳቸው ፊቱ ቆመው፣ ካርዱ እጁ ላይ ሆኖ፣ ቁጥሩን የሚቀይርበት ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ የለውም። ይህ ሥልጣን ለመስኮት ሠራተኛ ሊሰጥ ይገባው ነበር፤ ማን መቼ እንደቀየረ እየተመዘገበ።

ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ጉዳዩን ወረቀት ላይ ጻፈልንና ለኃላፊው አቀርባለሁ አለ። «እንደተስተካከለ እንደውላለን።»

በየትኛው ቁጥር እንደሚደውል ጠየቅኩት። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ የልጁን ቁጥር አነበበልኝ።