የጎመን መገኘት፦ ከእንፍራንዝ ዳርቻ የቀረበ ቅድመ ጥናት

የጥናቱ መነሻ አንድ ሰሌዳ ነው። እንፍራንዝ ወንዝ ጣና ከሚገባበት ብዙም በማይርቅ አንድ ሎጅ (ስሙ ለሳይንስ አይጠቅምም) አድሬ፣ ቁርስ በልቼ እግሬን ላፍታታ ስወጣ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ «የአትክልትና ፍራፍሬ ሥፍራ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ከሰሌዳው ኋላ ጎመን ነበረ።

እንግዶቹ ስልካቸውን አወጡ፤ እኔ ደብተሬን። አንዲት እህት «እንዴት ያለ ነገር አገኘን!» አለች። አትክልተኛው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ መኮትኮታቸውን አቁመው ቀና አሉ።

«ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚህ አገር ግኝት የራሱ ወግ አለው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አገኘ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ያንኑ ምንጭ ዳግም አገኘና ፓኤዝ አላየውም ብሎ ተሟገተ። ከምንጩ ዳር ተወልዶ፣ ከምንጩ ጠጥቶ ያደገው ሰው በሁለቱም ጊዜ እዚያው ነበረ፤ አግኚ ያለው ግን የለም።

ቀጥሎ «ሐሩራማ» የሚለውን ቃል መረመርሁ፤ የሎጁ በራሪ ወረቀት ሦስት ጊዜ ይጠቀምበታል። በካርታ እውነት ነው፤ ሐሩር ቀበቶ ውስጥ ነን። ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ የወይና ደጋ ሐይቅ ነው፤ ሎጁም ይህን ስለሚያውቅ በየአልጋው ጋቢ ያስቀምጣል።

የተክሎቹ ቆጠራ ከሁሉ ይልቅ አስደንጋጭ ነው። ፓፓያው፣ አቮካዶው፣ ዘይቱኑ፣ ቲማቲሙ፣ «የአበሻ» የተባለው ቃሪያ ሳይቀር መነሻቸው አሜሪካ ነው። ማንጎው ከእስያ መጥቷል። ስለዚህ «የአገራችን የጓሮ አትክልት» የተባለው መደብ በአብዛኛው እንግዳ ሲሆን፣ ከእኛ የሚለየው የክፍል ኪራይ አለመክፈሉ ብቻ ነው። ያለ ጥርጥር የአገር ልጅ ሆነው የተገኙት ሐበሻ ጎመን፣ ጥግ ላይ የቆመ አንድ ጌሾና ሁለት እግር ቡና ናቸው።

በቡናና በጌሾ ነገር የጣና ዳሩን ዘጌን አለመጥቀስ ነውር ነው። እዚያ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ሰሌዳ አልተከሉም። ሎሚ ካነሣን፣ ለባሕር ዳር የመጠጥ ውሃ ከሚልኩት የእንፍራንዝ ምንጮች አንዱ ሎሚ፣ ሌላው አረቄ ይባላል። ጥናቱ ሁለቱ ወደ አንድ ከተማ መላካቸውን ከመመዝገብ በቀር አስተያየት አይሰጥም።

ለናሙና የመረጥሁትን የበሰለ ፓፓያ በማግስቱ ስመለስ ጦጣ ቀድማ አግኝታዋለች። እኔም እንደ ብሩስ አላየችውም ብዬ ልሟገት አስቤያለሁ።

የቀረው ምጣኔ ሀብት ነው። ማታ የቀረበው ጎመን በምግብ ዝርዝሩ ላይ «ከአትክልት ሥፍራችን የተቀጠፈ» ተብሎ ከክትፎው ዋጋ በላይ ተጽፏል። አባቶች «ጎመን በጤና» ያሉት ሥጋ ለቀረበት ሰው ማጽናኛ ነበር፤ እዚህ ጎመኑ ለቀረበት ሰው ክትፎ ማጽናኛ ሆኗል። ከበሩ ውጭ ጎመን ዘርግተው የሚሸጡ እናት ስላሉ ለማመሳከር ጠየቅኋቸው፤ በአንዱ ሰሃን ሒሳብ ሙሉ ዘንቢሉ ይገዛል።

ሁለት እስር ገዛሁ። የሎጁን ጎመን ችግኝ የሸጡትም እሳቸው ናቸው።