የእማማ ዴክ

ባለቤቴ ስለ እኔ ለዘመድ ስታወራ፣ "ቤቱ በኮምፒውተር ተሞልቷል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ቆሻሻ ውስጥ ካልሠራሁ ብሎ ቁጭ ብሏል" ትላለች። ቆሻሻ የምትለው ኔንቴንዶ ጌሜን ነው። እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ደጁ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል፤ ያርድ ሴል ይሉታል። ከአንዱ ነው ያገኘሁት፤ ግራጫ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ላይ ክዳን ያለው የ1980ዎቹ ሳጥን። ይሠራ እንደሆነ ሻጯን ብጠይቃት "ልጄ ኮሌጅ ሲገባ ይሠራ ነበር" አለችኝ። ልጁ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ራሰ በራ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅልኝ። በሕይወት ያለ ኔንቴንዶ አርዶ ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር የሚከት ሰው በእኔ ሚዛን ነውረኛ ነው። የእኔው ግን ሞቶ ነው የመጣው። ቦርዱ ዝጓል፤ ከውስጡም ቁራጭ ብስኩትና አንድ ሳንቲም ወጥቷል።

ከዕቃ ሁሉ ይህ ሳጥን ለምን እንደተመረጠ የሚጠይቅ ካለ፣ ነገሩ የልክ ጉዳይ ነው። ቪያ የሚባለው የታይዋን ኩባንያ በ2001 ሚኒ አይቲኤክስ የተባለ የማዘርቦርድ ልክ አወጣ፤ 17 ሴንቲ ሜትር በ17 ሴንቲ ሜትር። የኔንቴንዶው ሳጥን 25 በ20 ግድም ነው፤ ከፍታው ወደ 9። እጁ ሥራ መፍታት የማይወድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ካየ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ብዙዎች የባንክ ካርድ የምታክለውን ራስበሪ ፓይ ኮምፒውተር ይከቱበታል፤ እኔ አልወደድኩትም። ወንደላጤ ለብቻው ቪላ እንደተከራየ ነው የሚሆነው። ይህ ሳጥን ሲያነሡት ከበድ ማለት አለበት።

ከታች ያሉት ስድስት ብሎኖች ሲፈቱ ክዳኑ ይነሣል፤ በቆርቆሮ የተሸፈነው አሮጌ ቦርድም ይወጣል። የቀረው ወለል የፕላስቲክ ምሰሶ ብቻ ነው። አዲሱ ቦርድ ደልዳላ መሬት ስለሚፈልግ ምሰሶዎቹ በሚሽከረከር መቁረጫ ይላጫሉ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ዕጣን አያሸንፈውም፤ ከሰል አቀጣጥለን ሞክረነዋል። መደበኛው የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ እዚያ ውስጥ አይታሰብም፤ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ውጭ ይቀመጥና ከውስጥ ትንሽ ቦርድ ኃይሉን ታከፋፍላለች።

ከዚያ ቢጫነቱ። የዚያ ዘመን ፕላስቲክ እሳት ቶሎ እንዳይበላው ብሮሚን ያለበት ቅመም ይጨመርበት ነበር፤ ብርሃንና ዕድሜ ሲደራረቡበት የሲጋራ አጫሽ ጥርስ መሰለ። መድኃኒቱ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና ፀሐይ ነው፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያለበት ነጭ ክሬም ደግሞ ፀጉር ቤት ይገኛል። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ፀጉር ቤት አላት። ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። ማታውኑ ለባለቤቴ ደውላ "ባልሽ ፀጉሩን ሊቀባ ነው፤ ነቃ በዪ" አለቻት።

አማቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት በዚሁ መሃል ነው። ሳጥኑ ክሬም ተቀብቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ደረሱበት።

"ምነው ልጄ፣ ዴኩ ምን ሆነ?"

"ዴክ አይደለም እማማ፤ ጌም ነው።"

"ኧረ ዴክ ነው! ይኸው የካሴቱ ክዳን።"

አማቴን እንዳትታዘቡብኝ። እሳቸው ያዩትን አሜሪካ በሙሉ እንዲያይ ታስቦ ነው የተሠራው። ሳጥኑ ጃፓን ውስጥ በሐምሌ 1983 ሲወጣ ፋሚኮም ይባል ነበር፤ ቀይና ነጭ ሆኖ ጨዋታው ከላይ የሚሰካበት፣ የልጆች መጫወቻነቱ ከሩቅ የሚያስታውቅ ዕቃ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ንግድ ተንኮታኮተ። አታሪ የተባለው ጌም ሠሪ ያልተሸጡ ካሴቶቹን ጭኖ ወስዶ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ቀበረ፤ ባለሱቁ ሁሉ "ጌም" የሚል ሰው ሲመጣ በሩን መዝጋት ያዘ። ስለዚህ ኔንቴንዶ በ1985 ኒው ዮርክ ሲገባ ልብስ ቀይሮ ነው። ላንስ ባር የተባለው ንድፍ ሠሪ ቪዲዮ ማጫወቻ አስመሰለው፤ ካሴቱ ከፊት ክዳን ተከፍቶ እንዲገባ ሆነ፣ ባለሱቁን ለማሳመን በአንድ የፕላስቲክ ሮቦት ታጅቦ ወጣ፣ ሳጥኑም "ኮንትሮል ዴክ" ተባለ። አማቴና ኔንቴንዶ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል።

ይህ ማስመሰል ግን ዋጋ አስከፍሏል። ካሴቱ ገብቶ ወደ ታች ስለሚጫን 72 እግሮች ያሉት ማገናኛ እየላላ ይሄዳል፤ ሐሰተኛ ካሴት የሚቆጣጠረው ቺፕ ግንኙነቱ ሲቋረጥበት ማሽኑን በየሰከንዱ ያስነሣዋል፤ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ትውልድ ካሴት አውጥቶ እፍ ሲል አደገ። ትንፋሽ እርጥበት ስላለው ብረቱን ያበላሻል ብሎ ኔንቴንዶ ራሱ ቢመክርም የሰማው የለም። በ1993 ደግሞ ካሴቱ ከላይ የሚሰካበትን አወጣ። ዴክ መምሰል ያኔ ቀረ።

እንግዲህ የእኔው ሳጥን ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሲመስል የኖረ ነው። ዴክ የመሰለ ጌም ነበር፤ አሁን ጌም የመሰለ ኮምፒውተር ሆነ። ኮምፒውተሩ በተራው ኢሙሌተር በሚባል ፕሮግራም የሞተውን ጌም ሲመስል ይውላል። የከተትኩለት ራም 16 ጊጋ ባይት ነው፤ የሟቹ 2 ኪሎ ባይት ነበር፤ ከ8 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። 2 ኪሎ ባይት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ይህ ወግ እዚያ ውስጥ ቢጻፍ ኖሮ ብሎኖቹ አካባቢ ስንደርስ ቦታው ያልቅ ነበር። ሱፐር ማሪዮ ግን በዚያች ራምና በ40 ኪሎ ባይት ካሴት ሮጦ ዘሎ ልዕልቷን አስፈትቷል።

ከሁሉ ያስቸገረው የማብሪያ ቁልፉ ነው። የኔንቴንዶ ቁልፍ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ እዚያው ተጭኖ ይቀራል፤ ለማጥፋት ይደገማል። የኮምፒውተር ቁልፍ ነካ ተደርጎ መለቀቅን ነው የሚወደው፤ አራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ከቆየ ባለቤቱ ተናዷል ብሎ ጭራሽ ይጠፋል። ሁለቱ ሲጋቡ ቀይ መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ተነሣ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ፊደል ብቅ አለ፣ ድርግም።

"መብራት ሄደ?" አሉ አማቴ ከወደ ማድ ቤት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው።

ቁልፉን ተጭኖ የሚያስቀረው በውስጡ ያለች ፀጉር የምታክል የሽቦ ቁራጭ ነች። በመርፌ ጫፍ ትነሣለች፤ ስትነሣ ትፈናጠራለች፤ ተፈናጥራ ምንጣፍ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ የሚያገኛት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ነው። ባለቤቴ አገኘቻት።

ልጄ ሁሉ ነገር ተገጥሞ ማሪዮ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ሲል አይቶ "አባዬ፣ ይሄ እኮ ስልክ ላይም አለ" አለኝ። ስልክህ ክዳን አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ክዳኑን በጣቴ ከፍ አድርጌ፣ ድሮ ካሴት ይገባበት በነበረው ጨለማ ውስጥ የተሰለፉትን የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አሳየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። አሥር ዓመቱ ነው፤ ይማራል።

አማቴ ግን ክዳኑን አይተው ወደ ሻንጣቸው ሄዱ። የትልቋን ልጃቸውን ሰርግ በቪዲዮ ካሴቶች ይዘው መጥተዋል፤ የቤታቸው ዴክ ከተበላሸ ቆይቷልና አሜሪካ አይጠፋም ብለው ነው። አንዱን ካሴት ሊከቱት ሞከሩ፤ አልገባም። እውነተኛ የአሜሪካ ዴክ ቢገኝም ዋጋ አልነበረውም፤ የእኛ አገር ቪዲዮ በፓል፣ የእነሱ በኤንቲኤስሲ ነው። ካሴቶቹን ሱቅ ወስጄ ፍላሽ ላይ አስገለበጥኳቸው፤ ፍላሹን ክዳኑን ከፍቼ ሰካሁት።

"ዴክ ነው አላልኩህም?" አሉ፤ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ።

አሁን በየእሑዱ እንግዳ ይመጣል። አማቴ የጨዋታውን መቆጣጠሪያ በሁለት እጃቸው ይይዙና በኤ ቁልፍ ያቆማሉ፣ በቢ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን ካናዳ እንደገባ፣ ማን ያንን ኮት ተውሶ እንደመጣ ያብራራሉ። ልጄ ባለፈው ተጠግቶ ማሪዮን መቼ እንደሚጫወት ጠየቃቸው።

"ከመልሱ በኋላ፣ የኔ ጌታ" አሉት። መልሱ ሁለተኛው ካሴት ላይ ነው።