ኧረ አንዱን ወስኑልን!

ኳሷ ወደ በረኛው ስትመለስ እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ወሬ ይቆማል። ሻይ ያነሳው ብርጭቆውን እንደያዘ ይቀራል፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ያለው ብድግ ይላል። ባላጋራ እየመጣብን አይደለም፤ ኳሷ ያለችው በራሳችን ሰው እግር ስር ነው። የማንቼ፣ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ጨዋታ ያየው። ታከተን።

አንድሬ ኦናና እ.ኤ.አ. በ2023 ከኢንተር ሚላን ሲመጣ፣ ዴቪድ ደ ኽያ 12 ዓመት የቆመበትን በር ነበር የተረከበው። እስከ 47 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት። በእግሩ ይጫወታል፣ ጨዋታ ከኋላ ይጀምራል ተባለ። እውነት ነው፣ ይችላል። አንጀት የሚያሳርረውም ይኸው ነው፤ ጭራሽ ባይችል ኖሮ በሦስት ወር ተገላግለን ነበር።

ያን የመጀመሪያ ዓመቱን አስታውሱ። ጥቅምት ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ከኮፐንሃገን ጋር፣ በተከላካያችን በማጓየር ግብ 1 ለ 0 እየመራን፣ ጭማሪው ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ኦናና ተወርውሮ መለሳት! አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። ያን ሌሊት ይህን ልጅ ክፉ የሚናገር ቢመጣ ከማንም ጋር እጣላ ነበር። ወር ከሳምንት ቆይቶ ኢስታንቡል ሄድን። ጋላታሳራይን 2 ለ 0፣ ኋላም 3 ለ 1 መርተን 3 ለ 3 ወጣን። ሐኪም ዚየሽ ሁለት ቅጣት ምት መትቶ ሁለቱንም አገባ፤ ሁለተኛዋ የኦናናን እጅ ነክታ ነው መረቡ ውስጥ የገባችው። በስድስት የምድብ ጨዋታ 15 ግብ ተቆጥሮብን የመጨረሻ ሆነን ተሰናበትን።

ከዚያ ወዲህ ነጋ ጠባ ያው ክርክር ነው፤ ይቆይ፣ ይሂድ። ቅዳሜ «ይሂድ» ብሎ ጠረጴዛ የደበደበው ረቡዕ «ይቆይ፣ ማን አለን?» ይላል። አንድ በወጣትነታቸው ለሰፈር ቡድን በረኛ የነበሩ ጎረቤታችን አሉ። «ልጄ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «መቀርቀሪያው አንዳንዴ የሚይዝ፣ አንዳንዴ የሚከዳ በር ያለው ቤት ውስጥ ማን ይተኛል?» እንቅልፍ የሚያጡት ደግሞ ተከላካዮቹ ናቸው። የተሻገረችውን ኳስ በረኛው ይወጣላታል ብሎ ያላመነ ተከላካይ ወደ ግቡ ይጠጋል፤ እሱ ሲጠጋ ባላጋራ አሥራ ስድስት ከሃምሳው ላይ እንደልቡ ይሆናል። ከዚያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንኳ መለየት ያቅታል።

እኔ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ መሸጥ ነበረበት ባይ ነኝ። በ2024 ማንችስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፈን የኤፍ ኤ ዋንጫ ስናነሳ እሱ ነበር በሩ ላይ፤ አልካድኩም። ግን ያ ዋንጫ ነው ውሳኔውን ያራዘመብን።

የሚብሰው የክለቡ ነገር ነው። ሚያዝያ 2025 ሊዮን ላይ 2 ለ 2 ስንወጣ ሁለቱም ግብ በእሱ ስህተት የመጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኒውካስል ላይ አስቀመጡት፤ ተጠባባቂው በረኛ ባይንዲር ገባ፣ 4 ለ 1 ተሸነፍን። ወዲያው ኦናናን መለሱት። ቁርጥ ያለ ነገር ሳይነግሩን የእረፍቱ ጊዜ አለፈ። ነሐሴ ላይ አርሰናል በማዕዘን ምት ባይንዲር ላይ አገባና 1 ለ 0 ረታን፤ ቀጥሎ በአራተኛው እርከን የሚጫወተው ግሪምስቢ መጣ። ኦናና በሩ ላይ፣ 2 ለ 2፣ ከዚያ በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 ተሸነፍን። እኔ በስልክ ነበር የምከታተለው፤ ሲያልቅ ሌሊቱ ተጋምሷል፣ ጠዋት ሥራ አለብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሴኔ ላመንስን ከአንትወርፕ ያመጡት። ኦናናንስ? ትራብዞንስፖር ላኩት፣ ያውም በውሰት። ሁለት ዓመት ከተቃጠልን በኋላ እንኳ ቁርጡን አልነገሩንም።

አዲሱ ልጅ ረጋ ያለ ነው፣ ኳስ ይይዛል። ግን ባለፈው ኳሷ ወደ እሱ ስትመለስ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሻይ የያዘው ሰውዬ አሁንም ብርጭቆውን እንዳነሳ ቆሟል።