ፕሮክሲውን ዝጋው

ወገዳ የወረድኩት ለአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ልጭን ነው። ለማያውቃት ሰው፣ ወገዳ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከእስቴ ወዲያ፣ ከጋይንት በታች፣ ወደ በሽሎ ቆላ የምታይ። ፕሮግራሙ የሚታደሰው የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው በጊት ነው። ዋናው ኮድ አዲስ አበባ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ የወገዳው ኮምፒውተር «ፌች» ሲባል የተጨመረውን ብቻ ይስባል። መሀል ላይ ግን ፕሮክሲ አለ፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ ውጭ ሊወጡበት የሚገባ በር።

የአይሲቲ ባለሙያው ወጣት ቀድሞ ሞክሮታል። «ጋሼ፣ ይሠራል እኮ! ደጋግሜ ስቤበታለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይስባል። የከነከነኝ የፕሮክሲው መዝገብ ነው፤ የሰርቨራችን ስም አንድም ቦታ የለበትም።

አብረን አጭር የሼል ስክሪፕት ጻፍን። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ትክክለኛውን የፕሮክሲ አድራሻ ሰጥቶ ይስባል። ቀጥሎ ማንም የማይመልስበትን አድራሻ፣ የራሱን የኮምፒውተሩን 9 ቁጥር ፖርት፣ ፕሮክሲ ነው ብሎ እንደገና ይስባል። ሁለተኛው መውደቅ አለበት፤ ጊት 128 ብሎ መመለስ አለበት። 0 መለሰ! ያ ሁሉ «ይሠራል» በፕሮክሲው በኩል አላለፈም ማለት ነው። ያለ ፕሮክሲው የሚያወጣው ቀጥታ መስመር ደግሞ ሊዘጋ ቀን ተቆርጦለታል። ይህን ያወቅነው ከተዘጋ በኋላ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ሳይታደስ ይቀር ነበር፤ የሚጉላላው ደግሞ ከቆላ በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ ነው።

የጊትን ቅንብር በረበርን፤ ንጹሕ ነው። በመጨረሻ የኮምፒውተሩ ማስነሻ ፋይል ውስጥ «ኖ ፕሮክሲ» የሚል መስመር አገኘን፤ የሰርቨራችን ስም ከፕሮክሲው ነፃ ከሚወጡት ጋር ተዘርዝሯል። ስናወጣው 407 መጣ፤ ፕሮክሲው የይለፍ ቃል ይጠይቃል ማለት ነው። የይለፍ ቃሉ ውስጥ «@» ነበረበት፤ በአድራሻ ውስጥ «%40» ተብሎ ካልተጻፈ አድራሻውን ይሰነጥቀዋል። ተስተካከለ።

በነገራችን ላይ፣ ስክሪፕቱ የተለወጡ ፋይሎችን ሲዘረዝር የአማርኛ ስሞቻችን በቁጥር ተጥለቀለቁ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ ጊት «ሀ»ን «\341\210\200» ብሎ ያሳየዋል። «ኮር ዶት ኩዎትፓዝ» (core.quotePath) የሚባለውን ቅንብር «ፎልስ» ማድረግ ይበቃል። ፊደላችን በራሱ መልክ እንዲታይ ይህን ማንም ባለሙያ ሊያውቀው ይገባል።

ከዚያ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ የኮዱን የለውጥ ታሪክ በሙሉ በፕሮክሲው በኩል እንደ አዲስ በመሳብ ላይ ሳለ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጊት ብዙ ነገር ይችላል፤ የተቋረጠ ፌችን ካቆመበት መቀጠል ግን አይችልም፤ እንደ አዲስ ይጀምራል። መብራቱ ሲመለስ ሌላ መንገድ ያዝን፤ «ባንድል»። ታሪኩ ሁሉ በአንድ ፋይል ይታሰርና እንደማንኛውም ፋይል ይወርዳል። ፋይል ማውረጃው «ከርል» ደግሞ የተቋረጠ ፋይልን ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ኔትወርክ ጨርሶ ከጠፋም በፍላሽ ይመጣል። አንዴ ባንድሉ ከገባ በኋላ በፌች የሚመጣው ጥቂቱ ልዩነት ብቻ ነው፤ እሱን ደካማው መስመርም ይችለዋል።

ለወረዳ ፕሮግራም የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከሰርቨራችሁ ጎን የባንድል ፋይል አስቀምጡ። የፈተና ስክሪፕታችሁ ውስጥም ፕሮክሲው ሲዘጋ የሚወድቅ መስመር ጨምሩበት፤ ሲወድቅ ሳታዩት «ይሠራል» ብላችሁ ለባለሙያው አታስረክቡ።