ብሉቤሪ ላክልኝ ላልሽው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ደሴ፣ ሸዋ በር

እማ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ግፊትሽስ፣ ከጎረቤት ጋር የጀመርሽው የአጥር ሙግትስ?

በስልክ ያዘዝሽኝን አልረሳሁም። የጎረቤታችን ልጅ ከዱባይ መጥታ «ብሉቤሪ የሚባል ፍሬ አለ፤ ግፊት ያወርዳል፣ ስኳር ያጠፋል፣ የረሱትን ያስታውሳል» ብላሻለች። አንቺም «ሰው ሲመጣ ኪሎ ላክልኝ» አልሽ። እማ፣ በሻንጣ ተጨናንቆ ቦሌ እስኪደርስ ቦክቶ ጠጅ ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ ሐራም ነው ብለሽ አትቀምሽውም።

ፍሬው ከሽምብራ ከፍ ይላል፣ መልኩ ወደ ጥቁር ያደላ ሰማያዊ ነው። ላዩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አለው፤ የራሱ ሰም ነውና ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትፈትጊው። ለሁለት ስትከፍይው ውስጡ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ሲሆን፣ ሐኪሞቹ የሚያወድሱት አንቶሲያኒን የተባለው ንጥረ ነገርም በብዛት እዚያው ነው። በዘር ባይገናኙም፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ይሄ እሾህ የሌለው አጋም ነው፤ በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ፣ ዋጋ የወጣለት አጋም። ዋጋውን ወደ ብር መንዝሬ አልነግርሽም፤ ግፊትሽ ይነሳል።

አሜሪካኖቹ ጠዋት ጠዋት በአጃ ገንፎና በእርጎ ላይ በትነው ይበሉታል፣ ኬክ ውስጥ ይጨምሩታል፣ የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩታል። አብሮኝ የሚኖረው የኮምቦልቻ ልጅ ግን ከእነሱም ባሰ። የገብስ ገንፎ አገንፍቶ፣ መሐሉን ጎድጉዶ፣ በቅቤና በበርበሬው ፋንታ በስኳር የፈላ ብሉቤሪ ሞላበት። ፍሬው ሲሞቅ ፍንድት ፍንድት ይልና ጭማቂው ወፍሮ ሐምራዊ ይሆናል። ለአክስቴ እንዳትነግሪያት እንጂ፣ ጣፈጠኝ። በሌላ ቀን ኬክ ጋግሮ ቤኪንግ ሶዳ ስላበዛበት ፍሬው ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ሶዳ ሲነካው ቀለሙን እንደሚቀይር ሳያውቅ «ሻገተ» ብሎ ደፋው፣ ወጪውን ግን እኩል አካፈለኝ። አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይባል የለ?

የዱባይዋ ልጅ ስለ ግፊት የነገረችሽ ጨርሶ ውሸት አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 40 ጤነኛ ሰዎች ሰብስበው፣ ለገሚሱ ከ200 ግራም ብሉቤሪ የተዘጋጀ መጠጥ በየቀኑ ለ28 ቀናት ሰጡ። የላይኛው የግፊት ቁጥር በ5 ያህል ወረደ። ደህና ነገር ነው። ግን 40 ሰው ማለት በእኛ ሰፈር ለሰርግ ድንኳን ሊተክል የሚወጣው ጎረምሳ ነው። ደግሞ ጤነኞች ናቸው፤ እንዳንቺ ኪኒን ሲውጡ የኖሩ አይደሉም። ስኳር ያጠፋል ያለችውን ከየት እንዳመጣችው እሷው ትወቅ።

አሁን ወደ እኛ ፍሬ ልምጣ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ይዘሽ ወደ ኮምቦልቻ ውረጂ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ እንደሚለው፣ 100 ግራም ብሉቤሪ 10 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲና 2.4 ግራም አሰር አለው። በለስ 14 ሚሊግራምና 3.6 ግራም አለው። አክስቴ ጓሮ ወፍ የሚጨርሰው ዘይቱን ደግሞ 228 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ! በክረምት መንገድ ዳር ያሉት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ቆርጠው፣ ወገቡን ሰንጥቀው፣ እሾሁ ሳይነካሽ የሚያጎርሱሽን በለስ እዚህ ቢያዩት በፕላስቲክ ያሽጉት ነበር። ብቻ አታብዢው፤ ሆድ እንደሚያደርቅ የነገርሽን አንቺው ነሽ።

ብሉቤሪም እኮ ድሮ የዱር ቁጥቋጦ ነበር። በኒው ጀርሲ ኤልሳቤት ዋይት የተባለች የገበሬ ልጅ ለጫካ ለቃሚዎች 16 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ያለው መለኪያ አደለች። በቀዳዳው የማያልፍ ትልቅ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ ላሳያት ትከፍላለች፣ ቁጥቋጦውንም በሰውየው ስም ትጠራለች። ከዕፅዋት ሊቁ ፍሬድሪክ ኮቪል ጋር እያዳቀሉ፣ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1916 ለገበያ አበቁት። የእኛ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተማረኩት በዚያው ዓመት ነው። እኛ ለዘውድ ስንዋጋ እነሱ ፍሬ በቀዳዳ ይለኩ ነበር ማለት ነው። የሐረጎን አጋም ግን እስካሁን ከፍየልና ከእረኛ በቀር ዞር ብሎ ያየው የለም።

እናም እማ፣ አብሽሪ። የብሉቤሪውን ገንዘብ በሐዋላ ልኬልሻለሁ፤ በለስና ዘይቱን ግዢበት፣ የተረፈውን ለጉልበትሽ ቅባት። አክስቴንም ዘይቱኑን ለወፍ አትተዪ በያት። ብቻ የፈለግሽውን ፍሬ ብትበዪ፣ የግፊት ኪኒንሽን ሐኪሙ ሳያዝሽ እንዳታቋርጪ።

ልጅሽ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ